ከአልጋው ሥር የነበረው ናፍጣ

ደሳለው የቤንዚን መኪናውን ሸጦ የናፍጣ ሚኒባስ የገዛው ናፍጣ ከቤንዚን ይረክሳል ብሎ ነበር። ዘንድሮ ናፍጣው ቤንዚኑን በዋጋ አልፎት አረፈ፤ ያውም ከተገኘ ነው። ሦስት ቀን ተሰልፎ የቀዳትን አንዲት ጀሪካን ከአልጋው ሥር ደበቃት፤ የሚስቱ የኤሌኒ ወር ገብቶ ነበርና። ሰው ለሚስቱ ምጥ ያስቀመጠውን ይሸጣል? እሱ ሸጠ። ዓርብ ዕለት የሰፈሩ ባለወፍጮ እጥፍ ሲሰጠው ጊዜ አላስቻለውም። "ሰኞ ሌላ እቀዳለሁ" አለ።

ምጡ እሑድ መጣ። ጤና ጣቢያው "ከአቅማችን በላይ ነው፣ ደብረ ታቦር አድርሷት" አለ። የአምቡላንሱ ስልክ አይነሳም። ደሳለው ብሩን ጨብጦ የገሳይን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ሮጠባት። በየደጁ በሃይላንድ የተደረደረው ሁሉ ለባጃጅ የሚሸጥ ቤንዚን ነው፤ ለናፍጣ ሞተር መርዝ። ባጃጁም ከከተማ እንዳይወጣ ተከልክሏል። ባለወፍጮውም ለቅዳሜ ገበያ ሲፈጭ ናፍጣውን ጨርሶታል።

ጎረቤቱ ቃሬዛ አነሳ። ኤሌኒን ተሸክመው በቆመው ሚኒባስ አጠገብ አለፉ። መንገዱ ሳይጋመስ ጩኸቷ ተቋረጠ፤ ቃሬዛውን መሬት አወረዱት።

ቃሬዛውን ሲከተሉ የነበሩት አባቷ አቶ ንብረት ጋቢያቸውን አውልቀው ፊቷን ሸፈኑ። ከዚያ ወደ ደሳለው ዞሩ።

"በስንት ሸጥኸው?" አሉት።