የእትዬ ጣይባ ፊርማ

በ1975 ዓ.ም. ሰኔ ሲጋመስ ሸዋ ሮቢት ላይ መብራት ከጠፋ አርባ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ቀኑን የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም። የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ በከሰል እየጫሩ የቆጠሩት እትዬ ጣይባ ናቸው።

እትዬ ጣይባ የሕዝብ ወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ነበሩ። ሴቶቹ የሚያመጡትን ማሽላ መዝነው ወደ ወፍጮው የሚገለብጡት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ነው። ወፍጮው ሲቆም የእሳቸውም እንጀራ ይቆማል። ድሮ ወፍጮው የናፍጣ ሞተር ነበረው። የሕዝብ ሲሆን «ከእንግዲህ በመብራት ነው የሚፈጨው» ተባለና ሞተሩ ተነቅሎ፣ መኪና ላይ ተጭኖ በደሴ መንገድ ሄደ። የት እንደደረሰ የነገረን የለም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በመምህርነት ተመድቤ የመጣሁ ነኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መሠረተ ትምህርት። ክፍሌ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ያለው የግራር ጥላ ነበር። ሴቶቹ ከየቀበሌው እህላቸውን በአህያ ጭነው መጥተው መብራት ሲጠብቁ ስለሚውሉ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ደሳለኝ «በከንቱ ከሚቀመጡ ይማሩ» ብሎ አዘዘ። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ክፍሌ ይሞላል።

«ይሄ መብራት ባይጠፋ ኖሮ እኮ መሃይም ሆነን እንቀር ነበር!» ትላለች ፈለቀች። ፈለቀች በባለሥልጣኖች ክበብ ብርጭቆ አጣቢ ናት፤ አፏ አያርፍም።

በመብራት መሥሪያ ቤቱ መስኮት የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ መለዋወጫ ታዟል።» ግን በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ይነሳል፤ ድምፁን ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። መብራቱ የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ነው፤ ወደ ክበቡ።

«ትናንት ቢራውን ስከፍት እጄ ደነዘዘ» አለች ፈለቀች። «በዚህ ቆላ ብርድ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። የእኔ ልጆች ግን ይኸው አርባ ቀን ንፍሮ። ንፍሮ የለቅሶ ቤት ነበር፤ ማን እንደሞተ አልነገሩን!»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ጣይባ አልሳቁም።

«መምህርት፣» አሉኝ፣ «አንቺ ጻፊልን።»

ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እንኳ ላብ ያጠምቀኛል። መጻፍ ግን እወዳለሁ። እዚያው ግራሩ ሥር ተቀምጬ፣ መጀመሪያ ደብተሬ ላይ አርቅቄ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። የናፍጣ ሞተሩ መወሰድ፣ የክበቡ መስመር፣ የልጆቹ ንፍሮ፣ ሁሉም ገባበት። «የአስተዳደር በደል» የሚል ሐረግም አስገባሁ። ሳነብላቸው ዝም ብለው አዳመጡኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተደምጬ አላውቅም ነበር።

ስንፈርም ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ስም አይጻፍ፤ ሁላችንም አሻራ ብቻ እናድርግ። ከዚያ ሁሉ አሻራ ውስጥ የማን የማን እንደሆነ ማን ይለያል?» የእስክሪብቶዬን ቀለም አውራ ጣታቸው ላይ እየቀባሁ ሠላሳ ስድስት ሴቶች አሻራቸውን አሳረፉ። እኔም የራሴን ቀብቼ ከመካከላቸው አደረግኩት።

እትዬ ጣይባ ጣታቸውን ሰበሰቡ።

«አሻራማ ድሮም ነበረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲቀቡኝ ኖርኩ፤ ለግብሩም፣ ለውርሱም። ባለፈው ሚያዝያ ምስክር ወረቀት የሰጣችሁኝ ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እትዬ ጣይባ፣ ዛሬ ይቅርብዎ።»

«ፈራሽ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለኔ አላህ አለልኝ። እስክሪብቶውን ወዲህ በይ።»

«ቢስሚላህ» ብለው ጎንበስ አሉ። ጣ፣ ይ፣ ባ። ሦስቱን ፊደል ለመጻፍ የወሰደባቸው ጊዜ ረጅም ነበር። የ«ጣ» አንዱ እግር እንደ ሁልጊዜው ረዝሞባቸው የፈለቀችን አሻራ ነካው። ሲጨርሱ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩት፤ ለእኔም አሳዩኝ። እኔም ከልማድ «ጎበዝ» አልኳቸው።

ደብዳቤው ወደ ላይ ሄደ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተመልሶ ወረደና ጓድ ደሳለኝ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እትዬ ጣይባን አስጠራቸው። አስተማሪያቸው ስለሆንኩ እኔንም አስጠራኝ።

ቢሮው እንደ ምድጃ ነበር። ከጓድ ደሳለኝ ራስ በላይ የጣሪያው ማራገቢያ ቆሟል፤ አንገቱን በመሐረብ ደጋግሞ ይጠርጋል። ከጀርባው በቀይ ቀለም «በቀበሌያችን መሃይምነት ተደምስሷል» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ይህንኑ ሪፖርት አድርጎ ልኮ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ሥራውን የሚያዩ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይጠበቃሉ።

«ይህን ማን ነው የጻፈው?»

«ስሜን አላየኸውም? እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ጣይባ።

«ስምሽንማ አየሁት። ደብዳቤውን ነው የምልሽ። 'የአስተዳደር በደል' ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አልኩህ እኮ፣ ልጄ።»

«ጓድ በይኝ።»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ልጄ።»

እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ እኔ ዞረ።

«መምህርት፣ ተማሪሽ ናት። ይህን መጻፍ ትችላለች?»

የእጅ ጽሑፌ ከፊቱ ተዘርግቷል። በየወሩ የማቀርብለት የተማሪዎች ዝርዝርም በዚያው እጅ ተጽፎ መሳቢያው ውስጥ ነው። መሳቢያውን ቢከፍት ይበቃ ነበር። አይችሉም ብል ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቀኝ አውቄያለሁ። እሱም ያን ጨርቅ ሰቅሎ «አይችሉም» የሚል መልስ መስማት አይፈልግም ነበር። እትዬ ጣይባ አላዩኝም። ቀጥ ብለው ማራገቢያውን ይመለከታሉ።

«ይችላሉ» አልኩ። «ጎበዝ ተማሪዬ ናቸው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሳልንተባተብ ተናገርኩ።

እትዬ ጣይባ «ሕዝብ በማሳደም» ተብለው በቀበሌው እስር ቤት ገቡ። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የወፍጮ ቤቱ አምፖል በራ። ሴቶቹ መብራቱን አይተው «እንግዳው ማን ነው?» ተባባሉ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ በጠራራ ፀሐይ መብራት ከመጣ እንግዳ ከተማው መግባቱን ሁሉም ያውቃል። እውነትም መሠረተ ትምህርቱን የሚያዩት እንግዶች ከጣርማ በር ወርደው ደርሰዋል። ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ሲፈጭ ዋለ። እህሉን የምትገለብጠው አዲስ የተቀጠረች የጓድ ደሳለኝ እህት ናት።

አንዷም ሴት አልቀረችም። እንዴት ትቅር? ንፍሮ የሰለቸው ልጅ ቤት ውስጥ ይጠብቃታል። እኔም ግማሽ ቁና ጤፌን ይዤ ተሰለፍኩ። እስር ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ በሁለት ግቢ ነው የሚርቀው።

«እትዬ ጣይባ ይሰሙት ይሆን?» አለች ፈለቀች። ያን ቀን ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

እንግዶቹ አሥር ሰዓት ላይ ሄዱ። መብራቱም አብሯቸው ሄደ።

እትዬ ጣይባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተፈቱ፤ ሥራቸው ግን አልተመለሰላቸውም። ቤታቸው ለመሄድ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ስደርስ ጓዳ ውስጥ ተንበርክከው በድንጋይ ወፍጮ ማሽላ ይፈጫሉ። ከተፈቱ ወዲህ የጎረቤትን እህል ጭምር መፍጨት ጀምረዋል፤ መዳፋቸው ተልጧል። ቀና ብለው አዩኝና ዱቄቱን ከክንዳቸው አራገፉ።

«ግቢ። ደብተር ይዘሻል?»

«እትዬ ጣይባ፣ እኔ ያን ዕለት…»

«ደብተር ይዘሻል ወይ ነው የምልሽ።»

«ይዣለሁ።»

«'ይችላሉ' ብለሽ መስክረሽብኛል። እንግዲህ አስተምሪኝ። የታሰርኩበትን ማንበብ አለብኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ አፍራለሁ።»

የደብዳቤው ረቂቅ ደብተሬ ውስጥ ነበር። ልቀድደው አስቤ ስንት ቀን አውጥቼ መልሼዋለሁ። ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። በተላጠ ጣታቸው የመጀመሪያውን መስመር ቀስ እያሉ ሄዱበት፤ የሚያውቁትን ፊደል ሲያገኙ ይቆማሉ። «በአካባቢያችን» ከሚለው ላይ «ባ»ን አገኟት።

«ይቺ የኔ ናት» አሉ ደስ ብሏቸው።

«አዎ፣ የእርስዎ ናት።»

እስከ ታች ድረስ ወረዱና ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው።

«ያንቺስ ስም የቱ ጋ ነው?»

«የለም» አልኩ።

ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። ወረቀቱን መልሰው ገልብጠው ጣታቸውን ቀጣዩ ቃል ላይ አሳረፉ።

«ይሄስ ምን ይላል?»