ፊቴ ላይ ጽሑፍ እንዳይጋደም

የምዘፍነው ሐብተማርያም ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ያንን ቤት የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ ድምፄን ያውቀዋል፤ ፊቴን የሚያውቀው ግን ሽንኩርት የሚያመጣልን ሰውዬ ብቻ ነው። ከጓዳው ወደ አዳራሹ የምትከፈተው መስኮት ሳህን ብቻ ነው የምታሳልፈው። ወጥ እያማሰልኩ ስዘፍን ድምፄ በእሷ በኩል ይወጣል፤ ደንበኞቹም ወሬያቸውን ያቆማሉ። አቶ አስቻለው የሚባሉ ዌስትላንድስ ሰፈር የሚሠሩ ሰውዬ ደግሞ ምሳቸውን በበሉ ቁጥር «ያቺን ከጓዳ የምትዘፍነውን እግዜር ይስጥልኝ በሏት» ይላሉ። በሏት እንጂ ጥሯት ብለው አያውቁም።

ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ ፊሊጶስ «የምሥሬ፣ ለዘፈንሽ ክሊፕ እንሥራለት» ሲለኝ በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ዘፈኑ የራሴ ነው፤ ግጥሙም ዜማውም። «ድምፄን እየሰማህ፣ ደጄን ታልፋለህ ወይ» ይላል። የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት እንቁጣጣሽ ዕለት ምግብ ቤቱ ውስጥ በትልቁ ቴሌቪዥን እንዲታይ ተስማማን፤ የቤቱ ባለቤት ጋሼ ሐብተማርያምም ካሜራቸውን አዋሱን። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው አይቶኝ «ለካ እሷ ናት!» እንዲል።

የቀረጽነው በምንኖርበት ፎቅ ጣሪያ ላይ፣ በተሰጣ ልብስ መሀል ነው። ጆሮ ጌጡን ጎረቤት አዋሰችኝ። ችግሩ ከታች የሚያልፉት ማታቱ የሚባሉት ታክሲዎች ናቸው፤ አንድ ስንኝ ሳልጨርስ ጥሩምባቸው ይገባበታል። ተናድጄ ልወርድ ስል ፊሊጶስ «ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፤ ኮምፒውተር ላይ እናስተካክለዋለን» አለኝ። ዘፈኑን ምግብ ቤቱ ሳይከፈት ጓዳ ውስጥ ለብቻው ቀዳነው።

ፊሊጶስ የሚሠራው ኢንተርኔት ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ አጠገቡ ቁጭ እያልኩ፣ በነፃ የሚገኘውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሁሉ አማረጥን። አንደኛው ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ምስሉን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጣል፣ በልብ ቅርጽ ይቆርጣል። ፊሊጶስ በልቧ ፍቅር ወድቆ እያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ልብ ሊሰካብኝ ነበር። ሥራው ረዘም ሲል ግን ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ፤ ልቧም አብራ ቀረች። እሰይ አልኩ።

ሁለተኛው እንከን አይወጣለትም፤ ግን የሙከራ ነው። የሠራነውን ስናወጣው «ይህን ይግዙ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መሀል ግንባሬ ላይ ተጋደመ።

«ይህንንስ አልፈልግም!» አልኩ። «ዕድሜ ልኬን ግድግዳ ሸፍኖኝ፣ አሁን ደግሞ ማስታወቂያ ይሸፍነኝ?»

«ዘና በይ፣ ትንሽ እኮ ነው። ማንም ኖቲስ አያደርገውም።»

«እንግዲያው ያንተ ግንባር ላይ ይጻፉበት!»

ሦስተኛውን ፈልጎ እስኪያወርድ ቀናት ፈጀ። ሲከፈት የአውሮፕላን ማብረሪያ ይመስላል፤ የሌለው ቁልፍ የለም። «ይቺ ግን ፍሪ ናት፤ ምንም አትጽፍም። ደግሞ ይኼን እዪ» አለኝ። ምስሌ ከላይ፣ ድምፄ ከታች ተዘረጋ። ድምፁን በማውዙ ይዞ ሲስበው ከምስሉ ተላቀቀ። ማታቱው ጠፋ። ጓዳ የቀዳነውን አምጥቶ ከሥሩ አስገባ፤ ከከንፈሬ ጋር ልክክ አለ።

«አየሽ? ሳውንዱን ለብቻው አውጥተሽ የፈለግሽው ፒክቸር ሥር ታስገቢዋለሽ።»

አጨበጨብኩ። «በቃ ይኼን እንያዝ» ያልኩትም እኔው ነኝ። ፊቴ ላይ የሚጋደም ጽሑፍ የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

በዚያው ሰሞን የጋሼ ሐብተማርያም ልጅ አቢግያ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ለዕረፍት መጥታ ነበር። ጓዳ እየገባች «ዘፈንሽን አስጠኚኝ» ትለኝ ጀመር። ቆንጆ ልጅ ናት፤ ድምፅ ግን እግዜር አልሰጣትም። ወደደችልኝ ብዬ ቃል በቃል፣ ትንፋሽ የምወስድበትን ቦታ ሳይቀር አስጠናኋት። ፊሊጶስም ወደ መጨረሻው ኢንተርኔት ቤቱ እንዳልመጣ ከለከለኝ። «ሰርፕራይዝ ነው» አለ። አመንኩት፤ ወንድሜ አይደል?

እንቁጣጣሽ ዕለት ምሳ ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ ወጥ ማውጣት ስለነበረብኝ በመስኮቷ አንገቴን አስግጌ ቆምኩ። ቴሌቪዥኑ በራ፣ ጣሪያችን መጣ፣ የተሰጣው ልብስ መጣ፣ ድምፄ መጣ። ቀጥሎ አቢግያ ዞር ብላ ፈገግ አለች። አፏን በኔ ድምፅ ከፈተች፤ እኔ ትንፋሽ በምወስድበት ቦታ ትንፋሽ ወሰደች። ይመጣ ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። ፊቴ ላይ ጽሑፍ አልነበረም። ፊቴም አልነበረም።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ አስቻለው ከመቀመጫቸው ተነሥተው አቢግያን ግንባሯን ሳሟት። «ለካ አንቺ ነሽ! ይህን ሁሉ ጊዜ ጓዳ ደብቀውሽ!» አሏት። ልጅቱ አቀርቅራ ሳቀች እንጂ አይደለሁም አላለችም። ጋሼ ሐብተማርያም በመስኮቷ ብቅ ብለው «የምሥራች፣ ሁለት ክትፎ ጨምሪ» አሉኝ።

ፊሊጶስን በጓሮ በር አገኘሁት። ዓይኔን ማየት አልቻለም።

«ምን ላድርግ የምሥሬ? ጋሼ ‹ካሜራው የኔ፣ ቤቱ የኔ፣ የምትታየው ልጄ ናት› አሉ። ሳውዝ ሲ ሰፈር የሚከፍቱትን ኢንተርኔት ቤት ደግሞ ለኔ ሊሰጡኝ ነው። ድምፁ እኮ ያው ያንቺ ነው!»

«የኔ መሆኑን ማን ያውቃል?» አልኩት። ክትፎውን ሠርቼ በመስኮቷ አሳለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ጓዳ ውስጥ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ዝም ስል ሰው ይጠይቃል፣ ያኔ እውነቱ ይወጣል ብዬ ነበር። አቶ አስቻለው አንድ ቀን ምሳቸውን በልተው ወደ መስኮቷ አዩና፣ «ቤቱ እንዴት ጭር አለ!» ሲሉ ሰማሁ። ማማሰያዬን እንደያዝኩ ወደ መስኮቷ ተጠጋሁ።

«ምን ይደረግ» አሉ ቀጥለው፣ «ልጅቱ ትምህርት ቤቷ ተመልሳለች።»