አሲዴ ፋብሪካ ገባ

ሰፈርተኛው ሁሉ «አሲዴ» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት የመኪና ባትሪ ሲጠግን አሲድ ያልበሳው ሱሪ የለውም። ብቸኛ ልጁ ኢንጂነር ሆና፣ አሮጌ ባትሪ ፈታትቶ ጥሬ ዕቃውን መልሶ የሚያወጣ አዲስ ፋብሪካ ከተቀጠረች ወዲህ ግን ቤቱ ውስጥ ሰላም ጠፋ።

«አባዬ፣ ይሄ የምታቀልጠው እርሳስ ደምህ ውስጥ እየገባ ነው። በቃ ተወው» ትለዋለች።

«ተውኩትና ምን ልሁን? ቤት ቁጭ ብዬ እናትሽን ልጨቅጭቅ?»

«ደሞ ሌላ ጣጣ!» ትላለች እናት ከጓዳ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቱ ፊቷ ጠቁሮ ሱቁ መጣች።

«አባዬ፣ እርዳኝ።»

አርባ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ባትሪ መጥቶላቸው፣ መመርመሪያ መሣሪያው ሁሉንም «ሞተዋል» ብሏል። ሰኞ ሊፈጩ ነው። እሷን ግን ሆዷ እምቢ አላት።

«ወደፊት ገበያው የነዚህ ነው፤ የሞተውን ካልሞተው የለየ ነው የሚያተርፈው ይላሉ አለቃዬ። እኔ ደግሞ መለየት አቃተኝ።»

እርዳኝ ካለችው ስንት ዓመቷ! ዕቃውን ሸክፎ ተከተላት።

ፋብሪካው እንደደረሰ የአንዱን ባትሪ ክዳን ከፍቶ፣ እንደለመደው ካቻቢቴውን ሊሰድ ሲል እጁን ለቀም አደረገችው።

«አባዬ! ይሄ ሊቲየም ነው። ብረት ካገናኘው እሳት ነው የሚተፋው!»

አሲዴ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። «እሺ፣ አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ ላዳምጥ» አለ። ይህን ለማንም ብሎ አያውቅም።

ጓንት አጠለቀችለት። መነጽሩን ወልውሎ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየና ጠራት።

«ነይማ። ውስጡ ደህና ነው። የሽቦው ብየዳ ነው የላላው፤ መንገድ አንገጫግጮታል።»

ለካችው፤ እውነቱን ነበር። እስከ ማታ ከአርባው ሃያ ስድስቱ ደህና ሆነው ተገኙ። ሠራተኛው ሁሉ እያየ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ሰኞ አለቃዋ ሥራ ሰጡት፤ መጀመሪያ ግን የሦስት ወር ሥልጠናና የደም ምርመራ። ደሙ ውስጥ እርሳስ በዝቶ ስለተገኘ ውጤቱ የመረመረችውን ሐኪም አላስደሰታትም። ያን ቀን የእርሳስ ማቅለጫውን በገዛ እጁ ነቀለ። በስድስተኛው ወር ሲመረመር የደሙ እርሳስ ወረድ ብሎለት ነበር።

በሥልጠናው ሰሞን እራት ሲነሳ ሚስቱ ደብተሩን ይዛ ትጠይቀዋለች። ሲሳሳት «ጉድህ ፈላ! ለልጅህ ነው የምነግርልህ» ትላለች። እሱም «አንዴ ብቻ እለፊኝ፣ የኔ ሸጋ» እያለ ይለማመጣታል።