የሂቦ ፒካፕ ጉልበት የት ገባ?

ለወጃሌ–ሐርጌሳ መንገድ ተጠቃሚዎች፣ ለጫት ነጋዴዎች፣ ለኬላ ጠባቂዎችና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ግመሎች በሙሉ፦ ማክሰኞ ዕለት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ከአረብሲዮ በሚያስወጣው ዳገት ወገብ ላይ፣ የጫት ነጋዴዋ የሂቦ ፒካፕ በውሃ ቦቴ ተቀድማለች። ቦቴው ጢም ብሎ የሞላ ነበር። ሹፌሩ በአንድ እጁ ሻይ ይጠጣ ነበር። ይህ የሐዘን መግለጫ አይደለም፤ ቆሞ ማንበብ የፈለገ ግን መብቱ ነው።

ፒካፗ ከሹፌሯ ከሮብሌ የምታንሰው በሦስት ዓመት ብቻ ነው። እሱ ሠላሳ ሁለት፣ እሷ ሃያ ዘጠኝ። ጫት ጭና ከወጃሌ ስትነሳ በየመንደሩ ያለ ፍየል ጡሩምባዋን ለይቶ ከመንገድ ይወርዳል። ከዙህር ሶላት በፊት ሐርጌሳ ካልገባች የሂቦ ደንበኞች ተነስተው ከቢሌ መደብ ፊት ይቀመጣሉ፤ አንዴ እዚያ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ማስነሻ የለውም። ቢሌ የራሱን ጫት የሚያመላልስ ተፎካካሪ ሹፌር ነው። መኪናው አዲስ፣ አፉም አዲስ።

ባለፈው ወር የፒካፗ ቴስታታ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ተቃጠለና ዶክተር የሚባለው መካኒክ ጋራዥ ውስጥ አሥር ቀን ተኛች። ዶክተር የተባለው ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ ነው፤ ጋዋኑ ነጭ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ግን አላገኘሁም። እሑድ ዕለት ድና ስትወጣ ሂቦ በወጉ ፍየል አሳረደች፣ ሽማግሌዎች ጠርታ አስመረቀች። ከዚያም አርባ ሰው እያየ በገዛ እጇ ጋቢናውን አስጌጠች፦ ለመስታወቱ ዘርፍ፣ ለዳሽቦርዱ የላስቲክ አበባ፣ ለወንበሩ የነብር ልብስ፣ ለወለሉ ከዱባይ የመጣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቀይ ምንጣፍ፣ ከሥሩም ስፖንጅ።

«ሮብሌ ልጄ፣ እግርህ ይድላው» አለች።

ሽማግሌዎቹም «አሚን» አሉ።

ሰኞ ፒካፗ ዘገየች። ማክሰኞ የቦቴው ነገር መጣ። ረቡዕ ስትደርስ ቢሌ ሽጦ ጨርሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ ጠበቃት።

«ሮብሌ! በእግርህ ነው የመጣኸው ወይስ መኪናዋ አዝላህ?» አለው። «ሰው አርባ ቀን የሞላት ሙሽራ እያለችው እንዴት ይሮጣል! እግሩን እኮ ቤት ጥሎት ነው የሚወጣው።»

ገበያው ሳቀ። ያልሳቀችው ሂቦ ብቻ ናት። ዶክተርን አስጠራች፤ ዶክተርም ኮፈኑን ከፈተና የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችውን፣ ፔዳል ሲረገጥ በገመድ የምትጎተተውን ትንሽ ብረት በጣቱ ሳብ አደረጋት። ሞተሩ አገሳ። የሻይ ብርጭቆዎች ተንጫጩ።

«ሰማችሁ?» አለ ዶክተር ጋዋኑን እያስተካከለ። «ፊልትሮ ቀይሬያለሁ፣ ኖዝል አጥቤያለሁ፣ ፖምፓውን አስተካክያለሁ። በሽተኛዋ ድናለች። አሁን የሚመረመረው ሹፌሩ ነው።»

ሂቦ የእህቷን ልጅ በዓይኗ ፈለገች። ልጁ ቁልፍ በጣቱ ማሽከርከር ከተማረ ሁለት ወር ቢሆነው ነው።

«ሮብሌ፣ ነገ ሐሙስ ነው፤ ሰው ሁሉ ለጁምዓ የሚገዛበት ቀን» አለችው። «ነገም ቢሌ ከቀደመ ቁልፉን እዚሁ ገበያ መሀል ለዚህ ትሰጠዋለህ። ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ አልክድም። ግን ስምንት ዓመት ጫት አያደርስም።»

ሐሙስ ጠዋት ሮብሌ ጫቱ ድንበር እስኪሻገር አልጠበቀም። ባዶዋን ፒካፕ እየነዳ ወደ ደጎሌ ሄደ። ደጎሌ ማለት ደንቆሮ ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ አንካሳውን አንካሳ፣ ጥርሰ ፍንጭቱን ፍንጭት ብሎ መጥራት ነውር አይደለም፣ እንዲያውም እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስለት ስለሌለ ሰውየውም ይገላገላል። ደጎሌ የወጃሌ አሮጌ መካኒክ ነው። ሠላሳ ዓመት የጄኔሬተር ጎረቤት ሆኖ ጆሮው አልቋል። ሞተር ሲያክም እጁን ይጭንበታል፣ የካቻቪቴ እጀታ በጥርሱ ነክሶ ጫፉን ሞተሩ ላይ ያስደግፋል፣ ከዚያ ይሳደባል።

«አጎቴ፣ ጉልበት የላትም!» ሮብሌ ጆሮው ሥር ጮኸ።

«ማ? ሚስትህ?»

«መኪናዋ!»

«እሷስ ይሻላል። ጭስ አላት?»

«የላትም! ዳገት ላይ እንኳ ጥቁር ጭስ አታወጣም!»

ደጎሌ ቅንድቡን አነሳ። «የምትታገል አሮጊት ትጨሳለች። ያልጨሰች አልታገለችም ማለት ነው። የሚበላ አልሰጣችኋትም።»

«ዶክተር ግን ኮፈኑን ከፍቶ በጣቱ ሲስባት እንደ አንበሳ ነው የምታገሳው! ገበያው ሁሉ ሰምቷል!»

«እኔ አልሰማሁም» አለ ደጎሌ፤ ካቻቪቴውን ከኪሱ አወጣ። «ስለዚህ ማየት አለብኝ። ግባና አንተ ርገጥ።»

ሮብሌ ጋቢና ገባ። ደጎሌ ኮፈኑ ሥር አንገቱን ቀበረ።

«ርገጥ!»

ረገጠ።

«እስከ ታች ርገጥ!»

«እስከ ታች ነው!»

«ውሸታም! ትንሿ ብረት ማቆሚያዋ ብሎን ጋ አልደረሰችም! በመሀላቸው ሁለት ጣቴን ከትቻለሁ! ርገጥ እንጂ!»

«አጎቴ ረገጥኩ! ጉልበቴ ሊወልቅ ነው!»

ደጎሌ ብቅ አለ። ፊቱ ላይ ቀን የወጣለት ሰው ፈገግታ አለ። ብረቷን ራሱ በጣቱ ሳበ፤ ብሎኗን ጠቅ አድርጋ ነካች፣ ፒካፗም ተንቀጠቀጠች። ለቀቃት። «በጣት ይደርሳል፣ በእግር አይደርስም» አለ፤ ለራሱ የነገረው መስሎት ነበር፤ ነገር ግን የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ወጃሌ በሙሉ ሰማው። «እንግዲህ ሌባው በእግርህና በብረቷ መካከል ነው።»

በሩን ከፈተና ጎንበስ አለ። የሮብሌን እግር ከፔዳሉ ላይ እንደ ድመት አንስቶ አስቀመጠ። ፔዳሉን በእጁ ተጫነው። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ወረደ፣ ቀዩ ምንጣፍ ውስጥ ሰጠመ፣ እዚያው ቀረ። ስፖንጁ ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መለሰው።

ሮብሌ ጎንበስ ብሎ ስፖንጁን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ፍራሽ ነው ስረግጥ የከረምኩት?»

ደጎሌ የሳቀው እንባው እስኪወርድ ነው። ምንጣፉን ከነስፖንጁ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር በሽቦ አሰረው። «ማን ነው ያነጠፈው? ያ ጋዋን ለባሽ?»

ሮብሌ የተጠቀለለውን ምንጣፍ አየ። አርባው ሰው፣ ፍየሉ፣ አሚኑ በዓይኑ መጡ። የሂቦ እጅ የምንጣፉን ጥግ በጥንቃቄ ሲያስተካክል ታየው።

የሂቦ ጫት የደረሰው ያኔ ነው። ቢሌ አስቀድሞ ጭኖ ወጥቷል፤ ሲያልፍ በመስኮት «ለሙሽራዋ ሰላም በልልኝ!» ብሎ ነበር። ጫኞቹ እርጥብ ጆንያውን እየወረወሩ ፒካፗን ሞሏት። ሮብሌ ቁልፉን ሲያዞር የጎን በር ተከፍቶ ደጎሌ ዘሎ ገባ።

«ወዴት ነው?» ጮኸ ሮብሌ።

«ሐርጌሳ! ሕክምናዬን ሳላይ አልቀርም! ንዳ!»

ሮብሌ ረገጠ። እግሩ ባዶ ብረት ነካ። ፒካፗ ከኋላዋ በእርግጫ እንደተመታች ብድግ አለች፣ ከማርሚታዋም ጥቁር ጭስ ተፋች።

«ጨሰች!» ጮኸ ደጎሌ፣ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፎ። «በላች! ስጣት፣ ስጣት፣ ሦስት ቀን ጾማለች!»

ካላባይድን እንደ ነፋስ አለፉ። ገቢሌ ላይ የኬላው ጠባቂ ጡሩምባዋን ሲሰማ ገመዱን ለመጣል ሮጠ፤ በሩጫው ነጠላ ጫማው ወልቆ መንገድ መሀል ቀረ፤ ሮብሌ ሁለት ጎማ በግራ፣ ሁለት ጎማ በቀኝ አድርጎ ጫማውን አሳለፈው። ከዚያ በኋላ አቧራ ታየ። አቧራው ውስጥ የቢሌ አዲስ መኪና ነበረች።

«ያውልህ!» አለ ሮብሌ።

«ማርሹን እኔ እነግርሃለሁ! በእጄ ይሰማኛል!» አለ ደጎሌ። የአረብሲዮ ዳገት ጀመረ። የማክሰኞው ዳገት። ቢሌ መሀል መንገዱን ይዞ ጡሩምባውን ነፋ፤ ደጎሌ ጡሩምባ ስለማይሰማ አልተከበረለትም።

«ሦስተኛ አስገባ! አሁን! እስከ ብረቱ!»

ፒካፗ እያገሳች ወጣች። መስኮት ለመስኮት ሆኑ። ቢሌ ዞር ሲል ያየው ሮብሌን አልነበረም፤ አንድ ጥርስ የቀረው ሽማግሌ በመስኮት ወጥቶ በካቻቪቴ እየባረከው ነበር። ቢሌ እግሩን ያነሳው ከድንጋጤ ይሁን ከአክብሮት እስካሁን አልተጣራም። ዳገቱ ጫፍ ላይ መንገዱ ባዶ ነበር። የውሃው ቦቴ ብቻ ከፊት ይታያል። ቀደሙት። ሮብሌ ሲያልፈው እንደ ሕፃን ጮኸ።

ሐርጌሳ ገበያ ሲገቡ የዙህር አዛን ገና አልተሰማም። ሴቶቹ ከመኪናዋ ላይ ጆንያ ሲነጥቁ ሮብሌ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ፈታና ለነገ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ምንጣፉን መልሶ አነጠፈ፤ ጥጉንም እንደነበረው አስተካከለ። ቢሌ ሲደርስ የሂቦ መደብ ዙሪያ መርፌ መጣያ አልነበረም። ሂቦም የእህቷን ልጅ «አንተ ቤት ሂድ፤ እናትህ ውሃ ትፈልጋለች» አለችው።

ከዚያ ክርክሩ ፈላ። ዶክተር ሞተር ከትልቅ ጥገና በኋላ አራት ቀን ለመላመድ እንደሚያስፈልገው፣ ይህንንም እሑድ መናገሩን ምሎ ተናገረ። አንዱ ሽማግሌ የሰው ዓይን ነበረባት፣ ተነሳላት አለ። ቢሌ ደግሞ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ሙሽራዋ ዛሬ እናቷ ቤት ሄዳለች፣ በቃ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ አሁንም የእሱ ሆነ። ደጎሌን ቢጠይቁት ወደ ሮብሌ ጠቆመና ጫቱን መምረጥ ቀጠለ።

ሂቦ እጇን ስታነሳ ገበያው ዝም አለ። እነዚያው የእሑድ ሽማግሌዎች ከኋላዋ ተቀምጠዋል።

«ሮብሌ፣ ሦስት ቀን እንደ ኤሊ፣ ዛሬ እንደ ንስር። ምን ነበር የነካት?»

«ድናለች፣ አክስቴ።»

«መዳኗንማ አየሁ። ከምን?»

«አልነግርሽም።»

«እኔ ባለቤቷ? ለእኔ?»

«ላንቺም።»

«ሰዉ በሚስትህ እየሳቀ እኮ ነው! አንዲት ቃል ብትናገር ይህን ሁሉ አፍ ትዘጋለህ!»

«ይሳቁ።»

«ወላሂ ተናገር፣ ለምንድነው የማትናገረው?»

ሮብሌ ጆንያ ትከሻው ላይ አነሳ።

«እሱንም አልናገርም።»