ለልጄ የተዋስኩት አስተያየት

ልጆቼ፣ እኔ ስለ መኪና ውድድር የማውቅ ሴት አልነበርኩም። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ቀሚሷ የጠበባት ሴት ስትመጣ "ጨርቁ ነው የተኮማተረው" ብዬ አጽናንቼ ጎኑን እለቅላታለሁ። ቤቴ አንዲት ክፍል ናት፤ ግማሿ መኝታ፣ ግማሿ ሥራ ቤት። ግድግዳ የሚጋራኝ ጎሚስታው ነው። እሱ ጎማ ሲነፋ የኔ መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ እኔ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ደግሞ ለሱ ይሰማዋል። እንዲህ እየተሰማማን ዕድሜያችንን ገፋነው።

የወለድኩት ልጅ አንድ ነው። ሌላ ከተማ ሄዶ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ የሚኖረውም ብቻውን ነው። በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ይደውልልኛል። መደወሉንስ ይደውላል፣ እግዜር ይስጠው። ግን ምን እናወራለን?

"እማ፣ በላሽ?"

"በላሁ። አንተስ?"

"በላሁ። ጉልበትሽስ?"

"ደህና ነው።"

"እሺ በቃ፣ ደህና ሁኚ።"

ይኸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኩት ነገር ክር መርፌ ውስጥ ሳላስገባ ያልቃል። ተጣልተን ቢሆን እኮ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ሰው ይታረቃል። እኛ አልተጣላንም፤ ወሬ ነው ያለቀብን።

አንድ እሁድ ታዲያ ሊዘጋ ሲል፣ "እማ፣ ያ አዲሱ ዓለም አቀፍ የመኪና ውድድር ተጀመረ አይደል? እነጎሚስታው ያዩታል?" አለኝ። ልጅ ሆኖ እዚያ ጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ በጎሚስታው ቴሌቪዥን ውድድር እያየ ነው ያደገው።

"ያዩታል መሰለኝ፤ ሲጨቃጨቁ ሰምቻቸዋለሁ።"

"ምን አሉ?"

የሰማሁትን ነገርኩት። ሳቀ። እኔ አፌ ላይ የመጣውን ስጨምርለት እሱ ሲጠይቀኝ፣ ስልኩ ጆሮዬን እስኪያግለው ድረስ አወራን። ከዘጋሁት በኋላ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ፤ ምን እንደምሠራ ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ሲሆን በርጩማዬን ደጄ ላይ አወጣለሁ። እጄ ቁልፍ ይተክላል፣ ጆሮዬ ጎሚስታው ቤት ይገባል።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ከየአገሩ አንድ አንድ መኪና ይመጣል። መኪኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቀለማቸው ብቻ ይለያያል። የሚሄዱት በኤሌክትሪክ ስለሆነ እንደ ድሮዎቹ አይጮሁም። ጎሚስታው ወዶታል። አብሮት የሚያየው ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር ጎረቤታችን ግን ዓይኑ ሊያየው አልፈለገም፤ ባይፈልግም አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።

"መኪናው እኩል ከሆነ ሰውየው ይለያል" ይላል ጎሚስታው። "ድሮ ያሸንፍ የነበረው ገንዘብ ነው።"

"የቱ መኪና? ይሄ የስፌት መኪና ነው እንጂ። ዝዝዝ ሲል አትሰማም? እንቅልፌን አመጣው።"

"የእርስዎ አውቶብስ ሦስት ሰፈር አልፎ ይሰማ ነበር፤ ሲደርስ ያየው ሰው ግን የለም።"

"ሰው ድምፁን ሰምቶ እንዲዘጋጅ ነዋ። ጨዋነት ነው።"

"ተዘጋጅቶ በእግሩ ይሄድ ነበር ይበሉ።"

እኔም ከደጄ ላይ ሆኜ፣ "አንተ ሾፌር፣ የስፌት መኪና ምን አደረገህ? የለበስከው ሱሪ በምን የተሰፋ መሰለህ?" እለዋለሁ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሱሪዬን ተይልኝ። ለሱሪ ማን ከለከለሽ፤ ለውድድር ነው ያልኩት።"

እነሱ ሲስቁ እኔ ያሉትን በልቤ እይዛለሁ። ልጄ ሲደውል፣ "እኔስ ይሄን ውድድር ወድጄዋለሁ፤ መኪናው እኩል ከሆነ ሰውየው ይለያል" አልኩት፣ የራሴ አስመስዬ።

"እማ፣ አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው?" አለ። ደስታው በስልኩ ውስጥ ታወቀኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ጎሚስታው መንገድ ላይ ለቆመ መኪና ተጠርቶ ሄደ፤ ቤቱን የሚጠብቅለት ሾፌሩ ብቻ ነበር። ብቻውንም ሆኖ ቴሌቪዥኑን ሲሰድብ ዋለ። እኔም ያገኘሁትን ሰበሰብኩ። ልጄ ደውሎ "ዛሬስ እንዴት ነበር?" ሲለኝ፣ "ይሄንን ደሞ ውድድር ይሉታል? ዝዝዝ ሲል እንቅልፌን አመጣው" አልኩት።

"እማ፣ ባለፈው ወድጄዋለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ።"

"ማለቴ... ይወደዳል። ግን..."

"የባለፈው ጎሚስታው ነው፣ የዛሬው ደግሞ ጋሽ ሾፌሩ። አፋቸውን አላጣውም እኮ።" ሳቀ፣ ክፉ ሳቅ አልነበረም። "ለኔ ብለሽ አትጨነቂ፤ ካላየሽው አላየሽውም። እሺ በቃ፣ ደህና ሁኚ።"

እሱ እኔን ማሳረፉ ነው። እኔ ግን እጄ ላይ የቀረችኝን አንዲት ክር በጥርሱ የቆረጣት መሰለኝ። ከእንግዲህ በላሽ፣ በላሁ፣ ደህና ሁኚ። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ የአንዲቱን ሴት ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

እሁድ ሲደርስ በርጩማዬን ይዤ ጎሚስታው ቤት ገባሁ።

"ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?" አለ ሾፌሩ።

"ዝም ብለህ እይ" አልኩት።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁ። ልጆቼ፣ አልዋሻችሁም፣ ማን እንደሚመራ ወዲያው ጠፋኝ። እንደ መንኮራኩር ዞረው ዞረው ሲመጡ ፊተኛው የቱ ነው፣ ኋለኛው የቱ ነው? እኔ የተከተልኩት አንዱን ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ የገበር ጨርቅ የመሰለውን። እሱን ለመከተል ቀላል ነበር፤ በፊቱም በኋላውም ሰው የለም። የመጨረሻው እሱ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ስለፊተኞቹ ሲነታረኩ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙን አላነሱትም።

ሲያልቅ አሸናፊውን አቅፈው አነሱት። ካሜራው ለአፍታ ወደ ቢጫው ዞረ። የሚነዳው ልጅ ከመኪናው ወጣ፣ ሄልሜቱን አወለቀ፣ ከዚያ የሚቀበለው ሰው ፈልጎ ግራ ቀኝ አየ። ማንም አልነበረም። ሄልሜቱን መኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጠው። ደግሞ መልሶ አነሳውና በብብቱ ይዞት ሄደ። ካሜራው ወደ ጭብጨባው ተመለሰ።

ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። ተደወለ።

"እማ፣ በላሽ?"

"በላሁ። ውድድሩን አይቼው መጣሁ፤ ዛሬ በራሴ ዓይን ነው። ማን እንዳሸነፈ ግን አትጠይቀኝ።" ያየሁትን እንዳየሁት ነገርኩት፤ ሄልሜቱን አስቀምጦ መልሶ እስኪያነሳው ድረስ። "አስተያየቴ ይሄ ነው" አልኩት። "አንድ ሰው ቆሞ ሊቀበለው ይገባ ነበር።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"እማ።"

"ወዬ።"

"እኔም ከሥራ ስገባ ቁልፉን እንደያዝኩ ቆሜ እቀራለሁ። ማስቀመጫው የት እንደሆነ እያወቅኩ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ እንኳን አይደለም።"

ልጅ ሆኖ ሆዱን ሲያመው "ብዙም አይደለም" የሚልባት ድምፅ ናት። አወቅኳት።

"ተሳፍሬ ልምጣ?"

"በዚያ ጉልበትሽ? ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነኝ፤ መጥተሽ ግድግዳ ልታዪ ነው?"

"እሺ በቃ" የሚለውን ጠበቅኩ። እንደለመድኩት ትከሻዬን ሰብሰብ አድርጌ ነው የጠበቅኩት።

"እማ፣ ሥራ አለሽ?"

"እግሩ የሚታጠፍ የሰው ሱሪ አለ።"

"ሥሪ እስቲ። ስልኩን አትዝጊው፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አድርጊው።"

"ምን ልትሰማ?"

"መኪናውን ነዋ። ስንት ዓመት እኮ በሱ ድምፅ ነው የተኛሁት።"

"ሾፌሩ እንቅልፌን አመጣው ያለውን?"

"እሱን።"

ስልኩን ከመቀሱ አጠገብ አኖርኩት። ሱሪውን አስገባሁና መርገጥ ጀመርኩ። ከወዲያ በኩል አንድ ወንበር ሲጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም። አንደኛውን እግር ሰፋሁ። ሁለተኛውን ቀስ እያልኩ ሰፋሁት፣ የሱሪ እግር እንዲህ አጭር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሱሪው አለቀ። ማለቁን ግን አልነገርኩትም። ከቅርጫቱ ቁራጭ ጨርቅ አነሳሁ፣ መርፌው ሥር አስገባሁ፣ መርገጤን ቀጠልኩ።