ጋቼሩ ማርሹን አልለቅም አለ

ጋቼሩ አዲሱን መኪና ገና በበሩ ሲገባ ጠላው። መኪናው ምን አደረገው? ምንም። ቀለሙ ያምራል፣ ወንበሩ ይመቻል፣ ከናይሮቢ ድረስ ነድታ ያመጣችለትም የገዛ ልጁ ሙኩሂ ናት። ግን አውቶማቲክ ነው።

"አባዬ፣ ግራ ጉልበትህ ፍሪሲዮን በመርገጥ አለቀ እኮ" አለችው ቁልፉን እጁ ላይ አድርጋ። "ያንን አሮጌ ፒክአፕ ሰኞ መጥቶ የሚወስድ ሰው አግኝቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የምትነዳው ይህን ነው።"

ጋቼሩ ካንጌማ ዳገት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የሻይ ቅጠል ሎሪ የነዳ ሰው ነው። "በዚህ ዘመን ማንዋል ምን ያደርግልሃል?" ለሚለው ሁሉ መልስ ሞልቶታል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል፤ ባትሪ ቢሞት አስገፍተህ ታስነሳዋለህ፤ ጭቃ ውስጥ መኪናው አንተን ይሰማል እንጂ አንተ መኪናውን አትለማመጥም። ሁሉም እውነት ነው። ዋናውን ምክንያት ግን ለማንም አልተነፈሰም፤ ለሚስቱ ለንጌንዶ እንኳ።

ጆሮው ከሄደ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። የሎሪው ጩኸት ቀስ እያለ በላው። ሰው ሲያወራ ከንፈር እያየ ግማሹን ይገምታል፣ የቀረውን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፈዋል። መኪና ላይ ግን ግምት የለም። በአገሩ መሪው በቀኝ ነውና፣ ግራ መዳፉን ማርሹ ላይ ያሳርፍና ሞተሩ መቼ እንደደከመው፣ መቼ እንደቸኮለ፣ መቼ ማርሽ እንደሚፈልግ ቁልጭ አድርጎ ይሰማዋል። ማርሹን ከወሰዱበት መንዳቱ አበቃ። መንዳቱ ካበቃ ደግሞ ደጅ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲያልፍ መቁጠር ነው።

ሙኩሂ በበኩሏ አባቴ አኩርፎኛል ባይ ናት። ስትደውል ስልኩን አንስቶ "እናትሽን አናግሪ" ይልና ለንጌንዶ ያቀብላል። በሟች እናቱ ስም ስለተሰየመች፣ እንደ አገሩ ወግ ከሕፃንነቷ ጀምሮ "እናቴ" እያለ የሚጠራት አባቷ፣ ከተሜ ካገባች ወዲህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏታል። ንጌንዶ ይህንን ነግራዋለች። አላኮረፍኩም እንዳይል ምክንያቱን ሊጠየቅ ነው። ስለዚህ ልጁ በሐዘን ስትብሰለሰል ዝም አለ። አይ ኩራት! ስንቱን ያስበላል።

"በል እንጂ፣ የሙኩሂ አባት፣ እስቲ ሞክረው" ብላ ንጌንዶ ከኋላ ገባች። ሙኩሂ ከጎኑ ተቀመጠች። ጋቼሩ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነ። በወገቡም በእግሩም የሞተር ንዝረት አልተሰማውም። አልተነሳም ብሎ ደገመው። ሦስተኛ ሊጫን ሲል ሙኩሂ እጁን ያዘችው።

"ተነስቶ ነበር እኮ፣ አባዬ! አጠፋኸው።"

ከንፈሯን አየና ሳቅ አለ። "አንቺ ደግሞ፣ ልሳኑ የተዘጋ መኪና ገዝተሽ ታመጪያለሽ?"

በሩን አልፈው ቁልቁል ወደ ሻይ ቅጠል መረከቢያው ወረዱ። መሐል ያለውን ዘንግ በመዳፉ ያዘው፤ ወሬ የለም። ሞተሩ ይሩጥ ይተኛ አያውቅም። ላቡ ጀርባውን ሲያርሰው ታወቀው። መረከቢያው ጋ ሲደርሱ አንዲት ሴት ቅርጫቷን ተሸክማ ድንገት ወደ መንገዱ ገባች። ያ ለሠላሳ አንድ ዓመት ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ ግራ እግሩ ማንንም ሳይጠይቅ ወረደ። ያገኘው ግን ፍሬኑን ነው። ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው።

መኪናው ቀጥ አለ። ንጌንዶ ግንባሯ ከፊት ወንበር ጋር ተላተመ። "ይቅርታ፣ ፍሪሲዮን መስሎት ነው እግሬ" አለ ጋቼሩ፣ ሴትዮዋ መትረፏን እያየ። መረከቢያው ላይ የተሰለፉት ሴቶች ግን ሁሉም ወደ መኪናው ኋላ ነበር የሚያዩት። ወደ ሙኩሂ ዞረ። አፏን በእጇ ሸፍና እሱኑ ትመለከታለች። የሚያነበው ከንፈር አጣ። ያኔ ስፖኪዮውን ሲያይ ሞተር ሳይክል ቦይ ውስጥ ተጋድሟል፣ ነጂውም ጭቃ ለብሶ እየተነሳ ነው።

ሰውዬው እያነከሰ መጣና መስኮቱን መታ። "አባባ፣ ከላይ ጀምሮ ክላክስ ሳደርግ! ይኼው አሁንም ተጣብቆ ይጮኻል። አገር ሰምቶ እርስዎ ብቻ እንዴት አልሰሙም?"

"አባቴ ቸኩሎ ነው..." ብላ ሙኩሂ ልታስተባብል ስትጀምር ጋቼሩ በሩን ከፍቶ ወረደ።

"አልሰማሁም" አለ፣ ሴቶቹ ሁሉ እያዩት። "ጆሮዬ አይሰማም፣ ልጄ። ብትሞት ኖሮ የገደልኩህ እኔ ነበርኩ።"

ቤት ሲመለሱ የነዳችው ሙኩሂ ናት። ጊቢ ገብተው ሞተሩን ካጠፋች በኋላ ፊቱን ወደ እሷ አዞረችው።

"ስልኩስ?" አለች። "ለዚህ ነበር?"

"የሎሪ ድምፅ ዛሬም ትንሽ ትንሽ ይመጣልኛል። የእናትሽም አልፎ አልፎ። ቀድሞ የጠፋብኝ ያንቺ ነው፣ እናቴ። ብትስቂም ብታለቅሺም አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ከምመልስልሽ ይቅር ብዬ ነው።"

ጋቼሩ የአሮጌውን ፒክአፕ ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። "ያ ባለ ሞተር ሳይክል ሚስት ይኖረዋል፣ ልጆች ይኖሩታል። ውሰጂው። ሐኪም ጆሮዬን ሳያይ መሪ አልጨብጥም።"

ቁልፉን ተቀብላ ወርዳ ፒክአፑ ውስጥ ገባች፤ በነጂው ወንበር። በዕድሜዋ ማንዋል ነድታ አታውቅም። በእጇ ጠራችው።

"ሐኪም ጋ በምን ልትሄድ ነው?" አለችው፣ ከንፈሯን አጉልታ።

"አዲሱ አለ አይደል?"

"አንተን የሚያናግርህ ይሄኛው ነው። አስተምረኝ።"

ሁለት ጊዜ አጠፋችው። ንጌንዶ ያበጠ ግንባሯን ይዛ በሩ ላይ ቆማ "ዛሬ አባትና ልጅ ተባብራችሁ ትጨርሱኛላችሁ" እያለች ትስቃለች። በሦስተኛው ተነሳ። ዳገቱን ሲጀምሩ ጋቼሩ ቀኝ እጁን ማርሹ ላይ ባለው የልጁ እጅ ላይ አሳረፈ።

"አሁን ደከመው፣ ተሰማሽ? ቀንሺለት... እንዲያ!"

ቀነሰች። ሞተሩ እፎይ ሲል በእጇ በኩል መጣለት። እጇ ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ሞተር ገጥሞት አያውቅም። ዞር ብሎ ሲያያት ፊቷን ከሱ አዙራ መንገዱን ታያለች።

"እናቴ" አላት፣ "ይሄ እንኳ የሞተሩ አይደለም። ዳር ያዢና አልቅሺ፤ ከዚያ እንሄዳለን።"