የዞረው ወንበር

ሴትዮዋ እንደገና አለቀሰች። ለቅሶ ቤት ማልቀስ ያለ ነው፤ ግን ማንም የማያውቃት ሴት ከሟች እህት በላይ ስትንሰቀሰቅ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ማን ዝም ይላል?

"ዛሬም መጣች?" አለች እታለም፣ የሟች ታላቅ እህት፣ የሻይ ብርጭቆ የምታነሳ መስላ ወደ ሟች ሚስት ጎንበስ ብላ። "ትናንትም እዚያችው ጥግ ነበረች። ማን ነሽ ብላት 'አብረን ነበርን' አለችኝ። የት ነው አብረው የነበሩት?"

ሚስት ዓይኗን ወደዚያች ጥግ ወረወረች። እናቷ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለች ነው ያሳደገቻት፤ እሷም ገና ባሏ በሕይወት ሳለ ስትጠረጥር ነው የከረመችው።

እንዴት አትጠርጥር? ባሏ የጠርሙስ ፋብሪካ ፎርማን ነበር። ዕድሜውን ከማሽን ድምፅ በላይ ሲጮህ ኖሮ፣ ቤትም ጨው አቀብዪኝ ለማለት ይጮሃል። ይኸው ሰውዬ ካለፈው ዓመት ወዲህ ድንገት ድምፁ ዝግ አለ። ከሥራ ሲመለስ ጓዳ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ በሩ ላይ ጆሮውን ለሚለጥፍ ሰው፣ እሷ ደግሞ ለጥፋለች፣ ከኮምፒዩተሩ የሴት ድምፅ ይሰማል። እሱም ለስለስ ብሎ "ይገባኛል፤ እስቲ ቀጥይ" ይላል። ሚስቱን አንድ ቀን "እስቲ ቀጥይ" ብሏት የማያውቅ ሰው!

ይባስ ብሎ ደግነት ጀመረ። ከእራት በኋላ ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ ወደ እሷ ያዞርና "ቀንሽ እንዴት ነበር?" ይላታል።

"ምን አጥፍተህ ነው?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ወንበርህን መልስ።"

ይመልሳል። በማግስቱ ደግሞ ያዞረዋል። የበደለ ባል እንደሚለሰልስ ማን ያጣዋል? ከዚያ አንድ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ልቡ ቀጥ አለች፤ ሚስጥሩንም ይዞት ሄደ።

"ልጠይቃት ነው" አለች ሚስት ብድግ ብላ።

"ሰው ፊት?" አለች እታለም።

"ጓዳ አስገብቼ። በቁሜ ከምቃጠል!"

አስገባቻት። እታለምም ተከትላ ገባች፤ እሷ ደግሞ ምን ይቅርባት።

"የኔ እመቤት፣ ባሌን ከየት ነው የምታውቂው?"

ሴትዮዋ ደነገጠች። "አልነገሩዎትም? ትምህርት ላይ ነው የተዋወቅነው፤ በኢንተርኔት። ሁለተኛ ዲግሪ፣ የሥራ ቦታ ሥነ ልቦና። በአካል እንኳ ተያይተን አናውቅም።"

"ሁለተኛ ዲግሪ?" ሚስት መራራ ሳቅ አመለጣት። "ድሮ በማታ የያዛት ዲግሪ አነሰችው? ሌላ ሰበብ ፈልጊ፣ እህቴ።"

እታለም ግን ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። "ሊመዘገብ ሲል ነግሮኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "'ሽበትህን ይዘህ?' ብዬ ሳቅሁበት። የተወው መስሎኝ።"

ይህም ሚስትን አላሳመናትም። ሁለቱ ሴቶች ተመካክረው ቢሆንስ? "ይማር እንበል። በር ዘግቶ 'እስቲ ቀጥይ' ማለት ምን የሚሉት ትምህርት ነው?"

"ልምምድ ነው። እኔ ምሬተኛ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ እሳቸው ሳያቋርጡ ይሰሙኛል። መጀመሪያ ላይማ ጉድ ነበር፣ ሳልጨርስ ይጮሁብኛል!" ሴትዮዋ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። "ከዚያ መምህራችን ቤታችሁ ካለ ሰው ጋር ተለማመዱ አለን። ሁሉም ተሳካልኝ ሲል፣ እሳቸው ብቻ 'ዛሬም ወንበሬን አስመለሰችኝ' ይሉናል። 'ምን አጥፍተህ ነው?' አለችኝ ይላሉ። በሳቅ እንፈርሳለን።"

ሚስት ግድግዳውን ያዘች። ያንን ንግግር ከእሷና ከባሏ በቀር የሰማው ሰው አልነበረም።

"መምህሩ ሌላ ሰው ይሞክሩ ቢላቸው እምቢ አሉ። 'የፋብሪካው ይደርሳል፤ እኔ እሷን ነው መስማት የምፈልገው' አሉ። ለእርስዎ ሊነግሩ ያሰቡት ሲመረቁ ነበር።"

"ወይኔ ሰውዬው!" አለች ሚስት። "ወይኔ፣ እኔ ምን ነክቶኝ ነው!" ከተቀበረ ወዲህ ከልቧ ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወደ ሳሎን ስትመለስ የእሱ ወንበር እንደተወው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ ቆሟል። እንግዶቹ እያዩዋት በሁለት እጇ ጎተተችው፤ ከራሷ ወንበር ፊት ለፊት አዙራ አቆመችውና በራሷ ላይ ተቀመጠች።

"ቀኔ..." አለች። "ቀኔ ከባድ ነበር።"

እታለም ልታስቆማት አፏን ከፈተች። ሴትዮዋ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"ተዪያት" አለቻት በሹክሹክታ። "ትጨርስ።"